አራት ሰው በአንድ ስም፦ በኦርክኒ ደሴቶች የገበሬ ቤተሰብን ዘር ስለ መቁጠር

ከኤድንብራ የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ኢትዮጵያዊት እናት ናቸው። የባለቤታቸው አያት በ1931 ከስኮትላንድ በስተሰሜን ከሚገኙት የኦርክኒ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በዌስትሬ ከገበሬ ቤተሰብ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው ወደ ዋናው ምድር ተሻግረዋል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው በእናቷ ወገን ሰባት ቤት ቆጥራ ጨርሳለች፤ በአባቷ ወገን ግን ቆጠራው ስድስተኛው ቤት ላይ ተሰናክሏል። አምስተኛው ሰው በ1858 መወለዱን የሚያሳይ መዝገብ በእጃቸው አለ። የዚህን ሰው አባት ሲፈልጉ ግን የራሱም የቤተሰቡም ስም አንድ የሆነ አራት ሰው አገኙ፤ ሁሉም ከ1815 እስከ 1828 ባለው ጊዜ የተወለዱ፣ ሁሉም የዌስትሬ ሰዎች ናቸው። «ከአራቱ የእኛ የትኛው ነው? ሰባተኛውንስ ማግኘት ይቻላል ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል። የቤተሰቡ ስም ሬንዶል ነው፤ በሕይወት ያሉ ዘመዶች ስላሉ ከዚህ በላይ በስም አልገልጻቸውም። በዚህ ምላሽ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰባተኛውን ማግኘት ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን መንገዱ በስሙ በኩል ሳይሆን በእርሻው በኩል ነው። በኦርክኒ እያንዳንዱ እርሻ፣ ሁለት ላም ብቻ የሚያሰማራ ጭሰኛ የሚኖርበት ጎጆ እንኳ ቢሆን፣ የራሱ መጠሪያ አለው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠራውም አብዛኛውን ጊዜ በቤተሰብ ስሙ ሳይሆን በእርሻው ስም ነበር። የመዝገብ ጸሐፊዎቹ ይህን ልማድ ጠብቀው የእርሻውን ስም ከሰውየው ስም ጎን ስላሰፈሩልን፣ አራቱን ሰዎች ሊለያቸው የሚችለው ዋናው ነገር እርሱ ነው።

ስሙ ለምን እንደማይረዳዎት ላስረዳ። እኛ አገር የአንድ ሰው ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ስለሆነ፣ ስሙን የሰማ ሰው አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ተሻገረ ማለት ነው። ከኦርክኒ በስተሰሜን በሚገኙት በሼትላንድ ደሴቶች እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ልማዱ ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ነበር፤ የማግነስ ልጅ ወንድ ከሆነ ማንሰን፣ ሴት ከሆነች ማግነስዶተር ትባል ነበር። በኦርክኒ ግን የማይለወጥ የቤተሰብ ስም ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ጸንቷል። ከስሞቹም ብዙዎቹ የቦታ ስሞች ናቸው፤ ሊንክሌተር፣ ኢስቢስተር፣ ማርዊክ የእርሻና የመንደር ስሞች ሲሆኑ፣ ሬንዶልም በትልቁ የኦርክኒ ደሴት የሚገኝ የአንድ አጥቢያ ስም ነው። ስለዚህ ሬንዶል መባል አንድ የጥንት አባት ከዚያ ቦታ መምጣቱን ይጠቁም ይሆናል እንጂ፣ ሁለት ሬንዶሎች የሥጋ ዘመዳሞች መሆናቸውን አያረጋግጥም።

በዚህ ላይ የስም አወጣጡ ልማድ ይጨመራል። በስኮትላንድ ዘንድ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት፣ ሦስተኛው በራሱ አባት ስም ይጠራ ነበር፤ ሴቶችም እንዲሁ ከእናት እናት ጀምረው በተራቸው የአያቶቻቸውን ስም ይወርሳሉ። አራት ወንድማማቾች በአንድ ደሴት ቢያገቡ፣ አራቱም የበኩር ልጃቸውን በአንዱ አያት ስም ይሰይሙታል ማለት ነው። እርስዎ ያገኟቸው አራት ሰዎች በ13 ዓመት ውስጥ የተወለዱ መሆናቸውን ሳይ ከሁሉ በፊት የጠረጠርኩት ይህንኑ ነው። የአጎትና የአጎት ልጆች ከሆኑ፣ መሰናክል የመሰለዎት መመሳሰል ራሱ ከሰባተኛው ቤት አልፎ የስምንተኛውን ሰው ስም የሚጠቁም ፍንጭ ይሆናል። ልማድ እንጂ ሕግ ስላልነበረ ግን ያለ ሌላ ማስረጃ ብቻውን አይበቃም።

አሁን በእጅዎ ወዳለው የ1858 የልደት መዝገብ እንመለስ። በስኮትላንድ የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በጃንዋሪ 1 ቀን 1855 ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት መዝገቡ እጅግ ብዙ ነገር ይጠይቅ ነበር፤ የወላጆችን ዕድሜና የትውልድ ቦታ፣ የተጋቡበትን ጊዜና ስፍራ፣ ከሕፃኑ በፊት የተወለዱትን ልጆች ጭምር። ሥራው ለመዝጋቢዎቹ ስለከበደ በ1856 ቅጹ አጠረ፤ የወላጆች ጋብቻ ቀንና ቦታ ወደ ልደት መዝገቡ የተመለሰው በ1861 ነው። የእርስዎ ሰው በ1858 ስለተወለደ ከክፍተቱ መካከል ወድቋል። መዝገቡ የአባቱንና የእናቱን ስም፣ የእናቱን የትውልድ ቤተሰብ ስም፣ የተወለደበትንም እርሻ ይነግርዎታል፤ የወላጆቹን ጋብቻ ግን አይነግርዎትም።

መፍትሔው ወንድሞቹንና እህቶቹን መፈለግ ነው። ከእነዚሁ አባትና እናት፣ በዚያው እርሻ ወይም በአቅራቢያው፣ በ1861 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ታናሽ ካለ፣ የእርሱ መዝገብ ወላጆቹ መቼና የት እንደተጋቡ በግልጽ ያሳያል። በዕድል በ1855 የተወለደ ታላቅ ቢገኝ ደግሞ የአባትየውን ዕድሜና የተወለደበትን አጥቢያ በአንድ ገጽ ያገኛሉ፤ ይህ ከተገኘ ከአራቱ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ወዲያው ከዝርዝሩ ይወጣሉ። ዘር ቆጣሪዎች ቀጥታውን መስመር ብቻ ይዘው ሲወጡ የሚቀርባቸው ነገር ይህ ነው፤ የአባትን ማንነት የሚያሳየው ብዙ ጊዜ የራስ ቅድመ አያት መዝገብ ሳይሆን የታናሽ እህቱ መዝገብ ነው።

ቀጥሎ የሕዝብ ቆጠራውን ይመልከቱ። ቆጠራው በየአሥር ዓመቱ የተደረገ ሲሆን የእያንዳንዱ ሰው ስም ሰፍሮ የሚገኘው ከ1841 ጀምሮ ነው፤ በስኮትላንድ ለሕዝብ ክፍት የሆነው የመጨረሻው የ1921 ነው። በ1841 ቆጠራ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜው ወደ ታች ወደ አምስት ብዜት እንዲጠጋጋ ታዝዞ ስለነበር፣ 19 ዓመት የሞላው ወጣት 15 ተብሎ ተጽፏል። በ1822 የተወለደ ሰው በዚህ ምክንያት በ1841 ቆጠራ በ1826 የተወለደ ይመስላል፤ በ1851 ቆጠራ ግን ትክክለኛ ዕድሜው ይሰፍራል። ስለዚህ ከአራቱ ሰዎችዎ ሁለቱ በእውነት አንድ ሰው እንዳይሆኑ አስቀድመው ያጣሩ፤ የኢንተርኔት ማውጫዎች በዚህ መንገድ አንዱን ሰው ለሁለት ሲከፍሉት ደጋግሜ አይቻለሁ። የ1841 ቆጠራ የትውልድ አጥቢያንም አይናገርም፤ ሰውየው በዚያው አውራጃ መወለድ አለመወለዱን ብቻ ነው የሚያመለክተው። አጥቢያው መጻፍ የጀመረው በ1851 ነው።

በቆጠራው ገጽ ላይ ዓይንዎ ከሁሉ በፊት ማረፍ ያለበት በግራ በኩል የቤቱ ስም በሚጻፍበት ዓምድ ላይ ነው። አራቱን ሰዎች በአራት ረድፍ ያስፍሩና ለእያንዳንዳቸው በ1841፣ በ1851፣ በ1861፣ በ1871 የኖሩበትን እርሻ፣ የሚስቱን ስምና የልጆቹን ስም ይሙሉ። የ1858 ሕፃን የተወለደው እርስዎ እንደጻፉልኝ በደሴቲቱ ደቡብ፣ በራፕነስ በኩል ባለ አነስተኛ እርሻ ነው፤ በ1861 ቆጠራ በዚያ እርሻ ወይም በአጠገቡ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ልጅ ይዞ የሚገኘው ቤተሰብ የእርስዎ ነው። ከቆጠራ ቆጠራ መካከል ያለውን ጊዜ የሚሸፍንልዎ ከ1855 ጀምሮ ሲዘጋጅ የኖረው የንብረት ግምት መዝገብ ነው፤ ለእያንዳንዱ ይዞታ ባለንብረቱን፣ ተከራዩንና የዓመቱን ኪራይ ያስቀምጣል።

የእርሻ ስምም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው። ሆላንድ የሚባል እርሻ ከዌስትሬ አጠገብ ባለችው በፓፓ ዌስትሬም በኖርዝ ሮናልድሴም አለ፤ ስኬል የሚባለው ደግሞ በበርካታ አጥቢያዎች ይገኛል። አጥቢያው ሳይታወቅ የእርሻ ስም ብቻውን ወደ ሌላ ደሴት ሊወስድዎት ይችላል። ትንንሾቹ ጎጆዎች ደግሞ ከትልቅ እርሻ ጋር ሲጠቃለሉ ስማቸው ከካርታ ይጠፋል። ለዚህ መድኃኒቱ የብሪታንያ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት በ1879 እና በ1880 በኦርክኒ ያሰባሰበው የቦታ ስሞች መዝገብ ነው። በእያንዳንዱ ገጽ የእርሻው ስም፣ የተለያዩ አጻጻፎቹ፣ አጻጻፉን ያረጋገጡ የአካባቢው ሰዎች፣ እንዲሁም «በዚህ ባላባት ይዞታ ያለ አነስተኛ የእርሻ ቤት» የሚል ዓይነት አጭር መግለጫ ሰፍሯል። በስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነፃ ከሚገኘው የዘመኑ ካርታ ጋር ጎን ለጎን ሲታይ፣ ሁለቱ እርሻዎች ተጎራባች መሆን አለመሆናቸውን ከቤትዎ ሳይወጡ ይለያሉ። በግሌ ከኦርክኒ መዛግብት ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

ሰባተኛውን ቤት የሚሰጥዎት ግን የሞት መዝገብ ነው። በእንግሊዝ የሞት መዝገብ የሟች ወላጆች አይጻፉም ነበር፤ በስኮትላንድ ግን ከ1855 ጀምሮ የሟች አባት ስምና ሥራ፣ የእናትም ስም ከነትውልድ ቤተሰብ ስሟ ይመዘገባል። በ1790 ገደማ የተወለዱ ወላጆች፣ ራሳቸው በየትኛውም መዝገብ ባይገኙ እንኳ፣ በ1880 በሞተው ልጃቸው መዝገብ ላይ ስማቸው ሰፍሮ ይቆያቸዋል። ስለዚህ የአራቱንም ሰዎች የሞት መዝገብ ያውጡ። ሟች ያገባት ሴት ስም ከ1856 እስከ 1860 ባሉት መዝገቦች ላይ የለም፤ ከ1861 ጀምሮ ግን ስለተመለሰ፣ ከ1858ቱ የልደት መዝገብ ያገኙትን የእናት ስም ከእርሱ ጋር ማመሳከር ይችላሉ።

በዚያ ገጽ ላይ አስመዝጋቢው ማን እንደሆነ ሳያዩ አይለፉ። ስሙ በስተቀኝ በኩል ከፊርማው ጋር ይገኛል፤ መጻፍ ካልቻለ የመስቀል ምልክት አድርጓል፤ ከሟች ጋር ያለው ዝምድናና በሞቱ ሰዓት በቦታው መገኘት አለመገኘቱም ተጽፏል። ልጅ የአያቱን ስም ያውቃል ብሎ መገመት ይቻላል። ጎረቤት ወይም አማች ያስመዘገበው ከሆነ ግን በተለይ የሟች እናት ስም ሊሳት ይችላልና፣ የሟችን የጋብቻ መዝገብ ወይም የአንድ ወንድሙን የሞት መዝገብ ለማመሳከሪያ መፈለግ ተገቢ ነው። ሁለት ወንድማማቾች በተለያዩ አስመዝጋቢዎች የተጻፈ አንድ ዓይነት የወላጆች ስም ካላቸው፣ ማስረጃው ጸንቷል ብዬ እቀበላለሁ።

ሴቶቹ በዚህ አገር መዝገብ ከሌላው ብሪታንያ ይልቅ በቀላሉ ይገኛሉ። ያገባች ሴት በሕግ ፊትና በመቃብር ድንጋይ ላይ በትውልድ ቤተሰብ ስሟ መጠራቷን ስለቀጠለች፣ በዌስትሬ መካነ መቃብር ላይ የባልና ሚስት ስም ከነሁለት ቤተሰባቸው ተቀርጾ ማየት የተለመደ ነው።

ከ1855 በፊት ያለው ዘመን በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ የተመሠረተ ነው፤ እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ መዛግብት ክርስትናንና ጋብቻን እንጂ ቀብርን የሚይዙት አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ከ1783 እስከ 1794 በእያንዳንዱ ምዝገባ ላይ የሦስት ፔኒ ቀረጥ ስለተጣለ፣ ድሃው ገበሬ ልጁን ክርስትና አስነሥቶ ስሙን ሳያስመዘግብ የቀረበት ጊዜ አለ፤ ሰባተኛው ሰውዎ የተወለደው በዚሁ ዘመን ገደማ ነው። ከዚህም ሌላ በኦርክኒ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን የተለዩ ጉባኤያት ብዙ ምእመን ነበራቸው፤ በ1843 ትልቁ መለያየት ሲመጣ ደግሞ ነፃ ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተች። ልጁ በአጥቢያው መዝገብ ካልተገኘ አልተወለደም ማለት አይደለም፤ በሌላው ጉባኤ መዝገብ ይፈለግ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጉባኤ ቃለ ጉባኤዎችም አሁን በኢንተርኔት ይነበባሉ፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ሕፃን አባት ስም በልደት መዝገብ ላይ ባይኖርም፣ እናቲቱ በሽማግሌዎች ፊት ቀርባ የተናገረችው ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ገጽ ሲገጥምዎት ለልጅዎ እንዴት እንደሚነግሯት አስቀድመው ያስቡበት።

ስለ መሬቱም ጥቂት ልበል፤ ቤተሰቡ ለምን ከእርሻ ወደ እርሻ እንደተዘዋወረ ያለ እርሱ አይገባም። ኦርክኒ በ1468 የዴንማርክና የኖርዌይ ንጉሥ ለልጁ ጥሎሽ መያዣ አድርጎ ለስኮትላንድ ንጉሥ እስኪሰጣት ድረስ በኖርዌይ ሥር ነበረች፤ የምትተዳደረውም በኖርዌይ ሕግ ነበር። በዚያ ሕግ መሬት ያለ ጽሑፍ ሰነድ ለልጆች ሁሉ ይከፋፈል ነበር፤ ሴቶች የወንዶችን ድርሻ ግማሽ ያገኛሉ። የእኛን የርስት ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ከጊዜ በኋላ ግን መሬቱ በጥቂት ባላባቶች እጅ ገባ፤ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ባልፎርና እንደ ትሬል ያሉት ቤተሰቦች ሰፊ ይዞታ ነበራቸው፤ ገበሬውም ጭሰኛ ሆነ። ከ1722 በስትሮንሴ ተጀምሮ በተስፋፋው ሥራ ጭሰኛው በበጋ የባሕር አረም ሰብስቦ እያቃጠለ፣ ለመስተዋትና ለሳሙና የሚሆነውን አመድ ለባላባቱ ያቀርብ ነበር። ይህ ንግድ በ1830 ገደማ ሲወድቅ እርሻዎች ተጠቃለሉ፣ ብዙ ቤተሰብም ተነሣ። የእርስዎ ስድስተኛ ሰው ያደገው በዚሁ ግርግር ጊዜ ነው፤ በየቆጠራው በተለያየ እርሻ ቢገኝ ሊያስደንቅዎት አይገባም።

ጭሰኛ የመሬት ሽያጭ መዝገብ ውስጥ አይገባምና በእዚያ አይድከሙ። እርሱ የሚገኘው በባላባቶቹ የኪራይ ደብተር ነው። የባልፎር ቤተሰብ ወረቀቶች በኪርክዎል ከተማ በኦርክኒ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል፤ የእርሻውን ስምና ዓመቱን ይዘው ቢጽፉላቸው የቤተ መዛግብቱ ሠራተኞች የት መፈለግ እንዳለብዎት ይነግሩዎታል። የጭሰኞችን ሁኔታ እንዲመረምር የተቋቋመው የናፒየር ኮሚሽን በ1883 ወደ ኦርክኒ መጥቶ የገበሬዎችን ቃል ተቀብሏል፤ ምስክርነቱም ታትሞ ይገኛል። በራውዚ ደሴት በባላባቱ ላይ የመሰከረ አንድ ጭሰኛ ከዚያ በኋላ ከቤቱ ተባርሯል። ሕጉ በ1886 ወጥቶ አነስተኛ ጭሰኞች ከይዞታቸው ያለ በቂ ምክንያት እንዳይነቀሉ እስኪከለክል ድረስ የገበሬው ዋስትና ይህን ያህል ቀጭን ነበር። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ትላልቆቹ ይዞታዎች ለጭሰኞቹ ሲሸጡ ብዙው የኦርክኒ ገበሬ ባለመሬት ሆነ፤ የባለቤትዎ አያት በ1931 የተወለዱበት እርሻ በዚያን ጊዜ ተገዝቶ ከሆነ ውሉ በኤድንብራ በሚገኘው የመሬት መዝገብ ይገኛል።

ከአራቱ አንዱ ከ1841 በኋላ ድንገት ቢጠፋብዎት፣ ሞቷል ብለው አይደምድሙ። በካናዳ ጠጉራም የአውሬ ቆዳ ይነግድ የነበረው የሐድሰን ቤይ ኩባንያ መርከቦች ወደ ካናዳ ሲያልፉ ስትሮምነስ ወደብ ላይ እየቆሙ ሠራተኛ ይቀጥሩ ነበር፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በካናዳ ከነበሩት የኩባንያው ሠራተኞች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ የኦርክኒ ልጆች ነበሩ። ቅጥሩ በ19ኛውም መቶ ክፍለ ዘመን ስለቀጠለ፣ በማኒቶባ፣ ዊኒፔግ የሚገኘው የኩባንያው ቤተ መዛግብት የብዙዎቹን አጥቢያ፣ የተቀጠሩበትንና የተመለሱበትን ዓመት ይዟል።

በኤድንብራ መኖርዎ ትልቅ ዕድል ነው። በፕሪንስስ ጎዳና ምሥራቃዊ ጫፍ ባለው የስኮትላንድ ብሔራዊ መዛግብት ሕንጻ ውስጥ፣ የቀን ክፍያ ከፍለው እነዚህን የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዛግብት ያለ ገደብ ማየት ይችላሉ። ከቤት በኢንተርኔት የሚከፈተው ከ100 ዓመት በላይ የሆነው ልደት፣ ከ75 ዓመት በላይ የሆነው ጋብቻና ከ50 ዓመት በላይ የሆነው ሞት ብቻ ስለሆነ፣ የ1931ዱን ልደት ማየት የሚችሉት እዚያው ሄደው ነው። ሌሎች ሰዎች በኢንተርኔት የለጠፏቸውን የዘር ዛፎች ግን መዝገቡን በዓይንዎ እስኪያዩ ድረስ እንደ ጥቆማ ብቻ ይቁጠሯቸው፤ አራት ስመ ሞክሼ ባለበት ደሴት አንዱ የሳተውን ሌላው እየገለበጠ ስሕተቱ እውነት ይመስላል።

ከጥያቄዎ ውጭ ቢሆንም መናገር የሚገባኝ አንድ ነገር አለ። በ2023 የአበርዲንና የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች፣ የጡትና የማኅፀን እንቁላል ካንሰር አደጋን ከፍ የሚያደርግ የብራካ 1 ዘረ መል ለውጥ፣ የኦርክኒ አያቶች ካሏቸው 100 ሰዎች በአንዱ ገደማ እንደሚገኝና የአብዛኞቹም ዘር ወደ ዌስትሬ እንደሚያመራ አስታውቀዋል። በስኮትላንድ የሚኖርና ቢያንስ አንድ አያቱ በዌስትሬ የተወለደ ሰው ነፃ ምርመራ እንዲያገኝም ተዘጋጅቷል። ለውጡን ወንዶችም ይሸከማሉ፤ የተሸከመ አባት ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ባለቤትዎ በአያታቸው በኩል ይህን መስፈርት ያሟላሉ፤ የእርሳቸው ውጤት ነፃ ከሆነ ልጅዎ ይህን ለውጥ ከአባቷ ልትወርስ አትችልም። ወደ ሐኪማቸው ሲሄዱ የ1931ዱን የልደት መዝገብ ቅጂ ይዘው ይሂዱ፤ የእናታቸው ወገን አያቶችም ከኦርክኒ ከሆኑ ያንኑ ለሐኪሙ ይንገሩት።